ግድግዳው ውስጥ የጠፋው ስልሳ ሳንቲ ሜትር

ሰኞ

አልነገርኳቸውም። እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው? የሜትሩን ጫፍ ይዘው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ሦስት ከሰባ! ጻፊ እንጂ ስንዱ፣ ምን ያፈዝሻል?» ሲሉኝ ጻፍኩ። አሁን ሳየው ቁጥሩ ጠማማ ነው፣ የዶክተር ጽሕፈት መስሏል።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አለዚያ ነገ ለራሴም አይገባኝም።

የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን በመጨረሻ ቤት አገኘ። ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ ያለው አሮጌ የእንጨት ትምህርት ቤት ነው። ይህ ሁሉ ሰፈር እርሻ በነበረበት ጊዜ የገበሬ ልጆች የተማሩበት፣ በእንግሊዟ ንግሥት በቪክቶሪያ ዘመን ፋሽን የተሠራ። ከተማው «የሕንፃውን ፕላን አምጡ፣ ከዚያ ፈቃድ እንሰጣለን» አለ። ማኅበሩ ዞር ዞር ብሎ እኔን አየ። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት ድራፍቲንግ፣ የሕንፃ ፕላን ማንሣት፣ ሠርቻለሁ። እዚህ ሚራክል ማይል ሰፈር ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ቲኬት እቀበላለሁ። ሽፍቴ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሶ ጠዋት ጠዋት ነፃ ነኝ።

ሜትር የሚይዙልኝ ጋሼ ተፈራ ናቸው። አገር ቤት የእንጨት ሥራ መምህር ነበሩ፣ እዚህ ሃያ ዓመት ታክሲ ነዱ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ልባቸው ውስጥ ስቴንት የሚሉት የደም ሥር መክፈቻ ገብቶላቸዋል።

ቤቱ አንድም ነው፣ ሁለትም ነው። ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የመማሪያ ክፍል፣ ከኋላው ተጣብቆ የመምህሩ መኖሪያ፦ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ማእድ ቤት። ጣሪያው ሽቅብ የሾለ ነው። ግንባሩ ላይ የዓሣ ቅርፊት የመሰሉ ትንንሽ እንጨቶች ተደራርበዋል፣ ከሁሉ በላይ የደወሉ ማማ አለ። በሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ለወንዶች፣ አንዱ ለሴቶች። መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ግን ከወለሉ በጣም ከፍ ብለው ነው የሚጀምሩት። ልጅ ተቀምጦ ሰማይ እንጂ ሰው እንዳያይ ነው አሉ ጋሼ።

እውነቱን ለመናገር ቤቱን ገና ስገባ ነው የፈራሁት። ወለሉ ሲረግጡት ዝም ይላል፤ ካለፉ በኋላ ነው የሚጮኸው። ዞር ስል ማንም የለም።

ረፋዱ ላይ ሄለን ደወለች። ሄለን የጋሼ አንድ ልጅ ናት፣ ሲያትል ነርስ ናት። «ስንዱ፣ አባቢ አጠገብሽ ነው?» ስትል ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ወደ መምህሩ ማእድ ቤት ሮጥኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ግድግዳው ላይ ያለ አበባ የተሣለበት ክብ ቆርቆሮ ላይ ጀርባዬን አስደግፌ አዳመጥኳት።

እትዬ የሺ አርፈዋል። የጋሼ ታላቅ እህት፣ ደብረ ብርሃን። እናታቸው ስትሞት ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ጋሼ ትናንት እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ደውለውላቸው ነበር፤ ደህና ነበሩ። ከዚያ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ነው። «እትዬ የሺ ሞቱ?» ብዬ ጮህኩ፣ ከዚያ አፌን ያዝኩ።

«እስከ ቅዳሜ ጠዋት እንዳይሰማ» አለች ሄለን። «ፍላይት ያገኘሁት ዓርብ ማታ ነው። የማሚን መርዶ በስልክ ሰምቶ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።» አውቃለሁ። ሚስታቸው አገር ቤት ለጥየቃ ሄደው ነው ያረፉት፤ አንድ የማይረባ ሰው ደውሎ ለጋሼ ነገራቸውና ታክሲው ውስጥ ወደቁ። ለጥቂት ነው የተረፉት። «ዶክተሩ ድንጋጤ አይችልም ብሏል። ሰው ከቦት፣ እኔ እጁን ይዤው ነው መስማት ያለበት። ፕሊስ ስንዱ፣ ቀን ቀን የሚውለው አንቺ ጋ ነው። ስልኩን ዋች አድርጊልኝ።»

«እሺ፣ ቃሌ ነው። እስከ ቅዳሜ እይዛቸዋለሁ» አልኳት። አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው ሁልጊዜ ቃል የሚገባው።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ጋሼ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው፣ ሁለቱንም መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆመዋል። «ምነው ጋሼ?» አልኳቸው። «ጣውላውን እያየሁት ነው» አሉ። «ጥሩ እንጨት ነው። ብዙ ችሏል።» ከዚያ ሜትሩን አነሡና ሦስት ከሰባ አሉኝ።

ማክሰኞ

ፕላኑ አልገጠመም።

ከውጭ አሥራ ስድስት ሜትር። ከውስጥ ክፍሉ ዘጠኝ፣ የመምህሩ ቤት ስድስት፣ ግድግዳዎቹ ተደምረው አርባ ሳንቲ ሜትር። ስልሳ ሳንቲ ሜትር የት ገባ? ሦስት ጊዜ ለካን። በሦስቱም ስልሳ ጠፋ። ሰው ቆሞ የሚበቃው ቦታ ነው እኮ! ቤቱ ውስጥ ሰው ተሸጉጦ የሚቆምበት ቦታ አለ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ጀርባዬን በረደኝ፣ ውጭው ግን እሳት ነው፤ ያ ደረቁ የበረሃ ነፋስ ሰሞኑን ከተማውን ሊያነደው ነው።

ጋሼ አልገረማቸውም። «ቤት ደግሞ የራሱ ምስጢር አለው» አሉ።

መጠበቅ ያለብኝ ነገር፦ የጋሼ ስልክ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር የእትዬ አበበች አፍ። የራሴ ፊት። ፌስቡክ የላቸውም፣ ተመስገን ነው።

ስልካቸውን እንዴት እንደምሰርቅ ሳስብ ነው ያደርኩት። ከዚያ ምን ይሆናል? ልክ እየለካን ሳለ ጠራ። አየሁት፤ የአገር ቤት ቁጥር። ጋሼ ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩት፣ እስኪቆም ጠበቁ፣ ከዚያ ለእኔ ዘረጉት። «ይሄ ባትሪ አይረባም። አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ሥራው ሲያልቅ ትሰጪኛለሽ» አሉኝ። እንካችሁ! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። ወዲያው አጠፋሁትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በራሴ ብልጠት ኮራሁ፣ ምን ብልጠት እንደነበረው እንጃ።

ምሳ ይዘው እትዬ አበበች መጡ። ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው። እንዳይመጡ ነግሬያቸው ነበር፤ ሄለን መርዶውን ነግራቸዋለች፣ እሳቸው ደግሞ የሰሙትን ፊታቸው ላይ ነው የሚጽፉት። ጋሼን ገና ሲያዩ ዓይናቸው ሞላ። «ሽንኩርት ስከትፍ ቆይቼ ነው» አሉ።

«በረታ ሽንኩርቱ?» አሏቸው ጋሼ።

«በረታ ጋሼ ተፈራ።»

«አይዞሽ አበበች» አሉና ትከሻቸውን ነካ አደረጓቸው። እኔ የሚያስለኝ አስመስዬ ወጣሁ።

ሌላም ነገር አለ። ለመጻፍ አልፈልግም ግን እጽፋለሁ። ምሳ እየበላን ደወሉ ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ። ያን ጊዜ ነፋስ አልነበረም፣ ገመዱም ሚስማሩ ላይ እንደታሰረ ነው። እትዬ አበበች አማተቡና ድስታቸውን ሳይከድኑ ወጡ። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ትንሽ ቆይተው መልሰው አደረጉት። ድምፁ እንጨቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆየ።

ረቡዕ

ጠዋት በሩን ስከፍት ሰሌዳው ላይ ተጽፎበታል።

ትናንት ባዶ ነበር፣ ራሴ ነኝ የጠረግኩት። አሁን ክፍሉ በጠመኔ ተሥሏል፦ አራት ማዕዘን፣ ሁለት በር፣ በግድግዳው ዙሪያ ትንንሽ ጭረቶች ተደርድረዋል። ቆጠርኳቸው፤ ስልሳ ናቸው። ፊት ለፊት፣ ለብቻው፣ አንድ ክብ። እዚህ ቤት ውስጥ ልጅ ከተማረ ስንት ዘመኑ ነው! አንዷ የሞተች መምህርት ስም ልትጠራ የመጣች ነው የመሰለኝ። በስመ አብ ብዬ ወደ ኋላዬ ስል ከጥግ ድምፅ መጣ፤ ጮህኩ።

ጋሼ ናቸው። ጥግ ላይ አንድ አሮጌ አግዳሚ ወንበር ገልብጠው በመላጊያ ይልጉታል። «ምን ያስጮኽሻል? እኔ ነኝ የሣልኩት» አሉ። «ቤቱ ስንት ሰው እንደሚያስቀምጥ ልወቅ ብዬ ነው።»

«ለልጆቹ ሃያ አራት ይበቃናል እኮ ጋሼ።»

«ልጅ ብቻውን አይመጣም።»

ከጓሮው መጋዘን አሥራ ሁለት አግዳሚ አውጥተዋል፣ እግራቸው የወለቀ፣ ምስጥ የበላቸው። ማንም አላዘዛቸውም። የወጣው አቧራ! ልባቸውን አስቤ ልከለክላቸው ሞከርኩ፣ አልሰሙኝም። «ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ» አሉ ለራሳቸው፣ በሮቹን በእጃቸው እያመለከቱ። «እንደ ቤተ ክርስቲያን። ፈረንጆቹ ለሌላ ነው የሠሩት፣ ለእኛም ይሆናል።»

ጾም ስለሆነ ሽሮ ይዤ መጥቼ ነበር። እየበላን ስለ እህታቸው አነሡ። በማርያም፣ እኔ አላነሳሁም!

«እታታ ፊደል የቆጠረችው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉ። እታታ የሚሉት እትዬ የሺን ነው። «እኔን የኔታ ጋ አድርሳኝ ትመለሳለች ይባላል እንጂ አትመለስም ነበር። ከጭቃ ግድግዳው ውጭ ቆማ ትሰማለች። እኔ ውስጥ ተቀምጬ የረሳሁትን እሷ ውጭ ቆማ ትይዘዋለች። ማታ ማታ ታስጠናኛለች። ከግድግዳ ጀርባ የተሰማ ነገር አይረሳም ትለኝ ነበር።»

ዝም ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝና ምን ብል ጥሩ ነው? «እሁድ ይደውሉላቸዋል አይደል?» አልኩ። ምላሴን ቆርጬ ብጥለው በወደድኩ ነበር።

ጋሼ መላጊያቸውን አነሡ። «እሁድማ» አሉ፤ እስክወጣ ድረስ የሰማሁት የመላጊያውን ድምፅ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ግድግዳው ያለቅሳል። አላበድኩም። እንዲህ ነው የሆነው፦

እኔ ማእድ ቤቱ ውስጥ የመስኮቱን ከፍታ ልለካ ገብቻለሁ። ጋሼ ክፍሉ ውስጥ ናቸው፣ መላጊያው ቆሟል። መጀመሪያ ዝንብ መሰለኝ። ከዚያ የወንድ ድምፅ ሆነ። ዝቅ ያለ፣ የሚያነብ ዓይነት፣ የማይቋረጥ። ከበሩ አልመጣም፣ ከመስኮቱም አልመጣም። ከግድግዳው ውስጥ፣ ከአንገቴ ትይዩ ነው። ቃሉን አልለየሁትም፤ ድምፁ ግን የሽማግሌ ነው። ያነባል፣ ያነባል፣ ይቆማል። ከዚያ ትንፋሽ ሳበና አለቀሰ። አፉን በጨርቅ ያፈነ ሰው ለቅሶ።

ሜትሩን ጥዬ በጓሮ በር ወጣሁ፣ ቤቱን ዞሬ በሴቶቹ በር ገባሁ። ጋሼ ከሰሌዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ብቻቸውን። አንድ ነገር ኪሳቸው ሲከቱ አየሁ።

«ጋሼ! ሰምተዋል?»

«ምኑን?»

«ግድግዳው ውስጥ ሰው ያለቅሳል!»

ዓይናቸው ቀልቷል፤ የእንጨቱ ብናኝ ነው። «አሮጌ ትምህርት ቤት ነው ስንዱ» አሉ። «ስንት ልጅ ተገርፎበታል። ያልቅስ እንጂ፣ ምን ያድርግ?»

እንዲህ ሲሉኝ የባሰ ፈራሁ። ስልሳ ሳንቲ ሜትሩ ትዝ አለኝ፤ ሰው ቆሞ የሚበቃው። እትዬ አበበች ጋ ደውዬ ነገርኳቸው፣ «ጸበል አመጣለሁ፣ እስከዚያ ብቻሽን እንዳትገቢ» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅባቸው ነበር።

ጋሼ ጺማቸውን ካልተላጩ አራት ቀናቸው ነው። እኒህ ሰውዬ ሆስፒታል ተኝተው እንኳ መላጫ ያስመጡ ናቸው! «ምነው ጋሼ፣ ጺሙ?» ስላቸው «ምላጩ ደነዘ» አሉኝ። ነጭ ሆኖ ወጥቷል፣ ሌላ ሰው አስመስሏቸዋል።

ሄለን «እንዴት ነው?» ብላ ቴክስት አደረገች። «ምንም አላወቁም፣ አይዞሽ» ብዬ መለስኩ። አራት ቀን ሙሉ ዋሸሁ። አሁን ቤቱም እኔን እየዋሸኝ ነው።

ዓርብ

ስልሳውን አገኘሁት። ባላገኘው ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ጠዋት «ቤተ ክርስቲያን ደርሼ፣ አባን አግኝቼ እመጣለሁ» ብለው ሄዱ። ብቻዬን ነኝ። እትዬ አበበች ትናንት ማታ በላስቲክ ጠርሙስ የሰጡኝን ጸበል አራቱም ጥግ ረጨሁ፣ ራሴም ላይ ረጨሁ፣ ከዚያ ወደ ማእድ ቤቱ ገባሁ። ግድግዳውን በጣቴ ሳንኳኳ አንዱ ቦታ ባዶ ድምፅ ሰጠ። አበባ የተሣለበት ክብ ቆርቆሮ ጋ። እስከዛሬ ጌጥ ነበር የመሰለኝ። በመፍቻ ጫፍ ብነካው ጥላሸት አራግፎ እጄ ላይ ወደቀ።

ቀዳዳ ነው። ጭንቅላት የሚያክል፣ ጥቁር፣ ክብ። ወዲያ ማዶ ብርሃን አለ። ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ፤ የአግዳሚ እግርና የሰሌዳው ጫፍ ታየኝ።

ነገሩ ምንም ምስጢር የለውም። በዚያ ዘመን ሁለት የብረት ምድጃ ነበር፦ አንዱ ልጆቹን የሚያሞቅ፣ አንዱ መምህሩ የሚያበስልበት። ጀርባ ለጀርባ ሆነው በሁለቱ ግድግዳ መካከል በተሠራ አንድ የጭስ ማውጫ ነው የሚጠቀሙት። ስልሳ ሳንቲ ሜትር! ምድጃዎቹ ተነቅለው ወጥተዋል፣ የቱቦዎቹ ቀዳዳ ትይዩ ሆኖ ቀርቷል። በማእድ ቤቱ በኩል በስስ ቆርቆሮ ሸፍነውታል፤ በክፍሉ በኩል ከሰሌዳው ጥግ ዝቅ ብሎ ባዶውን ነው። እኔ የጠመኔ ሣጥን ጥላ እየመሰለኝ አምስት ቀን አለፍኩት። ከደስታዬ ብዛት «አገኘሁህ!» ብዬ ጮህኩ።

ያኔ ክፍሉ ውስጥ የተውኩት ስልኬ ጠራ። አጠገቤ ያለ ያህል ሰማሁት።

ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ይህን ደብተር ከቦርሳዬ አወጣሁና የሰኞን ገጽ ገለጥኩ። የራሴ ጽሑፍ ነው፦ አበባ የተሣለበት ክብ ቆርቆሮ ላይ ጀርባዬን አስደግፌ።

በግምት አላምንም፣ ሙያዬ አይደለም። ስልኬን አመጣሁ፣ የአማርኛ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ሰው በሚያወራበት ድምፅ ልክ አደረግኩት። ቆርቆሮውን መልሼ ገጠምኩ፣ ስልኩን ከፊቱ አስቀመጥኩ፣ በሩን ዘጋሁ። ሰኞ ጋሼ የቆሙበት ቦታ ሄጄ ቆምኩ። መዳፎቼን እሳቸው ባደረጉበት አደረግኩ።

ሰውየው ስለ ኢንሹራንስ ያወራ ነበር። አንድ ቃል አላመለጠኝም።

አይሆንም። ሰምተው ቢሆን ይወድቁ ነበር። ሰው ያሳደገችውን እህቱን ሞት ሰምቶ ሦስት ከሰባ ይላል? ይላል እንዴ? ስልካቸውን ግን ለምን ሰጡኝ? ጺሙስ? አግዳሚዎቹስ? ትናንት ኪሳቸው የከተቱት ምን ነበር? ለማን ልንገር? ሄለን ይህን በምጽፍበት ሰዓት አውሮፕላን ላይ ናት።

እኩለ ቀን ላይ ጋሼ መጡ። ልጠይቃቸው ስል ቀድመውኝ ገቡ። ማእድ ቤቱን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ፤ ዘመም ብሎ ነበር የገጠምኩት። ሄደው በሁለት ጣታቸው ቀጥ አደረጉት።

«ስልሳውን አገኘሽው?»

«አገኘሁት ጋሼ።»

«ጎበዝ። ፕላኑ ላይ አግቢው።»

ይኸው ነው። አሥራ ሁለቱንም አግዳሚ ጨርሰዋል፣ በግድግዳው ዙሪያ ደርድረዋቸዋል። ስልካቸውን ስመልስላቸው ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱት። በወንዶቹ በር እየወጡ ሳለ ዞር አሉና፣ «ነገ ስትመጪ ነጠላ ያዢ ስንዱ፣ ጠዋት ይበርዳል» አሉኝ።

ነገ ወደ ትምህርት ቤቱ እመጣለሁ ብዬ አልነገርኳቸውም። ደግሞም በዚህ ሙቀት ማንን ነው የሚበርደው?

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ነው። ዓይኔ አብጧል፣ ጽሑፉ ደህና አይታየኝም። ግን ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ሌላ ይሆንብኛል።

ገና ሳይነጋ አሥራ አምስት ያህል ሰው የጋሼ አፓርትመንት ደረጃ ላይ ተሰበሰብን። ሄለን፣ አባ፣ እትዬ አበበች፣ የማኅበሩ ሰዎች። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ኮሪደሩ ሁለት ሰው አያሳልፍም፤ ግማሾቻችን ደረጃው ላይ ተደርድረን ቆምን። ሄለን የክኒናቸውን ብልቃጥ በእጇ ይዛለች። አባ አንኳኩ። ዝም። እንደገና። ዝም። «አባቢ! አባቢ እኔ ነኝ!» አለች ሄለን፣ ድምፅዋ ተሰበረ። በቁልፏ ከፈተች። አልጋው ተነጥፏል፣ ሰው የለም። እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለች። «ሰምቷል። አንድ ቦታ ወድቋል» አለች።

«የት እንዳሉ አውቃለሁ» አልኩ። እንዲህ ካልኩ በኋላ ነው ያወቅኩት።

በእግራችን ሮጥን። ሰማዩ መንጣት ጀምሯል። የትምህርት ቤቱ ሁለቱም በሮች ወለል ብለው ተከፍተዋል፣ መብራቱ በርቷል። አግዳሚዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ባዶአቸውን ይጠብቃሉ። ፊት ለፊት፣ ሰሌዳው ላይ ያ ክብ የተሣለበት ቦታ፣ ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በተቀመጡበት የሞቱ መሰለኝ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ግቡ፣ ግቡ» አሉ። «ቤቴ ጠባብ ነው። ሰው ደረጃ ላይ ቆሞ እንዳያለቅስ ብዬ ነው።»

እሳቸው ሄለንን ብቻ ነው የሚያዩት። «ነይ ልጄ። ቁጭ በይና ንገሪኝ» አሏት።

እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እጃቸውን ያዘች። «አባቢ... እታታ...»

«እ?»

«እታታ አረፈች።»

ያን ጊዜ ጋሼ ጮኹ። «እታታዬን!» ብለው፣ ገና ያን ደቂቃ እንደሰማ ሰው። ሄለን አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፣ አባ ትከሻቸውን ያዙ፣ እትዬ አበበች አምስት ቀን ያፈኑትን ለቀቁት። አለቀስን። ቤቱ ድምፃችንን ሁሉ ተቀበለ። ሲነጋጋ ሰው እየሰማ መጣ፣ ወንዱ በግራ ሴቱ በቀኝ ገባ፣ ስልሳውም ቦታ ሞላ። ጋሼ አልወደቁም። ሄለን በየመሐሉ የደም ሥራቸውን ትነካለች፣ «ኦኬ ነው፣ ኦኬ ነው» ትለኛለች።

ሰው ትንሽ ፋታ ሲሰጣቸው ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሰኞ ሰምተው ነበር አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምነው ታዲያ ጋሼ! ቢወድቁስ?»

«ግድግዳውን ይዤ ነበር እኮ፣ አላየሽም?» አሉ። «የእናቷን ጊዜ እኔ ሆስፒታል ተጋድሜ ሄለን ብቻዋን ነው ያለቀሰችው። የሚያቅፋት አልነበረም። ይሄኛውን መጥታ ትንገረኝና አብረን እናልቅሰው ብዬ ነው። አንቺም ቃል ገባሽ፤ ቃልሽን ላሳጥፍሽ?» ከኪሳቸው ትንሿን ዳዊት አውጥተው አሳዩኝ። «ሐሙስ ያስፈራሁሽን ይቅር በይኝ። አልቻልኩም ነበር።»

«ማክሰኞስ ደወሉን እንዴት አድርገው ነው...?»

«ደወሉን እኔ አልነካሁትም» አሉ።

ፕላኑን ሰኞ አስገባለሁ። ስልሳ ሳንቲ ሜትሩን በደንብ አድርጌ ሥዬዋለሁ፣ ሁለቱም ቀዳዳዎች ያሉበትን ከፍታ ጽፌያለሁ። ለእሳት ያሰጋል፣ ድፈኑት ይሉን ይሆናል። እንጃ።

አሁን ማእድ ቤቱ ውስጥ ነኝ። የሻይ ብርጭቆ ላጥብ ብዬ ገባሁና ብቻዬን ስሆን ዕንባዬ መጣ። ለእትዬ የሺ ይሁን፣ ለጋሼ ይሁን፣ ብቻዬን ለዋሸሁት አምስት ቀን ይሁን አላውቅም። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ነበር የማለቅሰው። ከዚያ ከግድግዳው፣ ከአንገቴ ትይዩ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ።

«ስንዱ፣ በቃ ልጄ። ይሰማል እኮ።»

አፍንጫዬን ጠርጌ ወደ ቆርቆሮው ጠጋ አልኩና፣ «እሺ ጋሼ» አልኩ።